አገር በእግር ማቋረጥ፦ ከጫማ ምርጫ እስከ ማደሪያ መጠየቅ

ረጅም መንገድ በእግሬ እንደምሄድ የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። «ሲመሽ የት ታድራለህ?» ቀጥሎ ደግሞ «የማያውቅህ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ ያስገባሃል እንዴ?»

ብዙ ጊዜ ያስገባል። ዝም ብሎ ግን አይደለም። በስንት ሰዓት እንደደረሳችሁ፣ ምን መስላችሁ እንደደረሳችሁና ምን ብላችሁ እንደጠየቃችሁ ይወስነዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተሠራው ከማታው ወደ ጠዋት ነው። ጫማውም፣ የቦርሳው ክብደትም፣ የመነሻ ሰዓቱም የሚመረጠው ብርሃን ሳለ፣ ሳትዝሉ፣ ሰው ፊት ለመቆም እንዲያመቻችሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቀድማችሁ የለመዳችሁት ጫማ። ከዘወትር ቁጥራችሁ በግማሽ ወይም በአንድ ቢበልጥ ይሻላል። እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ያብጣል።
- ሦስት ጥንድ የሱፍ ወይም የሲንቴቲክ ካልሲ። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ እግር ይልጣል።
- ከ40 እስከ 50 ሊትር የሚይዝ፣ የወገብ ቀበቶ ያለው የጀርባ ቦርሳ።
- ቀላል ድንኳን፣ ስስ ፍራሽና ስሊፒንግ ባግ።
- ቢያንስ 2 ሊትር የሚይዝ የውሃ ዕቃ፣ ከማጣሪያ ወይም ከማከሚያ ክኒን ጋር።
- ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ የተጫነበት ስልክ (ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ ይበቃል)፣ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ፣ የወረቀት ካርታ።
- የግንባር ባትሪና አንጸባራቂ ሰደርያ።
- የዝናብ ልብስ፣ እንዲሁም የቦርሳውን ውስጥ የሚሸፍን ወፍራም ትልቅ ፌስታል።
- ፕላስተር፣ ቴፕ፣ መርፌ፣ አልኮል፣ ፋሻ፣ ሳሙና፣ ኦአርኤስ።
- አንድ ሙሉ ንጹሕ ቅያሪ ልብስ። ቀን አይለበስም።
- የቤተሰባችሁ ሁለት ሦስት የታተመ ፎቶ።
- ፓስፖርትና ኮፒው። ኮፒው ከፓስፖርቱ ተለይቶ ይቀመጥ።
- በትንንሽ ኖት የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ።

«ሰው ቤት ካደርኩ ድንኳኑ ለምኔ?» የሚል ብዙ ነው። ድንኳኑ የሚያስፈልገው ለመለመንም ነው። ምክንያቱን 6ኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ከቪዛው ጋር አስታርቁ

የአገሩን ስፋት በቀጥታ መስመር አትለኩ። መንገድ ይጠማዘዛል። በካርታው ላይ የእግር መንገዱን ተከትላችሁ ለኩ። ከዚያ ለ20 ኪሎ ሜትር አንድ ቀን፣ ለየስድስት ቀን ጉዞ አንድ የእረፍት ቀን ያዙ። 1,000 ኪሎ ሜትር 50 የጉዞ ቀንና ወደ 8 የእረፍት ቀን ይወጣዋል። ለሕመምና ለዝናብ ጥቂት ቀን ስትጨምሩበት ሁለት ወር አለፈ።

ይህ ስሌት ከቪዛው ቀን በታች መሆን አለበት። ለምሳሌ በሼንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ባነሱት የአውሮፓ አገሮች) በአጭር ቪዛ የሚፈቀደው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። የሚቆጠረውም በሁሉም የሼንገን አገሮች የቆያችሁት ተደምሮ ነው። ቀን የጠበበው ሰው ይሮጣል። የሚሮጥ ሰው ደግሞ «ግቡ፣ እረፉ» ሲባል መቀመጥ አይችልም።

ሁለት ሕጎችን አስቀድማችሁ አጣሩ። አንደኛው ድንኳን ስለ መትከል ነው። በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ ከቤት ርቆ ለአንድ ሌሊት ማደር በሰፊው የተፈቀደ ነው። ስኮትላንድም በ2003 ባወጣችው ሕግ ትፈቅዳለች። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን መሬቱ ባለቤት አለው፣ ማስፈቀድ ግድ ነው። ሁለተኛው እንግዳ ስለ ማሳደር ነው። አንዳንድ አገር የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሰው ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። ጣሊያን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ እንግዳ 48 ሰዓት ትሰጣለች። ይህን ካላወቃችሁ ቅጣቱ የሚያርፈው ባበላችሁ ሰው ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ መንገዱን በማደሪያ ቁረጡት

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያምረውን መንገድ ያሰምሩና ማደሪያውን በኋላ ይፈልጋሉ። ገልብጡት። በየ15 እና 20 ኪሎ ሜትሩ ሰው የሚኖርበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ነጥቦቹን በትንንሽ መንገዶች አገናኙ።

ትንሽ መንደር ከትልቅ ከተማ ይሻላል። ከተማ ሆቴል ስላለ ሰው «ሂድና ተከራይ» ይላችኋል፣ ልክም ነው። መንደር ውስጥ ግን የመሸበት ሰው የት እንደሚያድር የሚያሳስበው ሰው አይጠፋም። ከተማ ስትደርሱ ከፍላችሁ እደሩ። ልብስ እጠቡ፣ ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ገንዘብ አውጡ።

ለየቀኑ መጠባበቂያ ያዙ። ከታሰበው መንደር 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ሌላ ማደሪያ ይኑር። እግር ከታመመ እዚያው ትቀራላችሁ።

ደረጃ 3፦ እግርን አሰልጥኑ

ከመነሳታችሁ ሁለት ወር ገደማ በፊት ጀምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን በመንገዱ ጫማ ሂዱ፣ ርቀቱን በዝግታ ጨምሩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሙሉ ቦርሳ ተሸክማችሁ ሁለት ቀን በተከታታይ ሂዱ። የመጀመሪያውን ቀን ማንም ይወጣዋል። ጫማው፣ ማሰሪያው፣ ጉልበቱ እውነቱን የሚናገረው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው።

መንገድ ላይ እግራችሁ አንድ ቦታ ላይ መቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቁሙ። «እዚያ ኮረብታ ጋ ስደርስ» አትበሉ። ጫማና ካልሲ አውልቁ፣ አድርቁ፣ ቴፕ ለጥፉ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ግን ቀናት ይወስዳል። የቋጠረው ትንሽ ከሆነ ሸፍናችሁ ተዉት። ትልቅና የሚያም ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ፣ መርፌውን በአልኮል አጽዱ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ወጉና አፍስሱት። ቆዳውን አትላጡ። ከሥር ያለውን ቁስል የሚጠብቀው እሱ ነው።

ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት የጫማውን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉ። ካልሆነ ጣት ወደ ፊት እየተገፋ ጥፍር ይጠቁራል።

ደረጃ 4፦ ቦርሳውን መዝኑ

ውሃና ስንቅ ተጨምሮ ከሰውነታችሁ ክብደት አንድ አምስተኛ አይለፍ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው። ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባችሁ አስጠግታችሁ መሃል ላይ አድርጉት። የወገብ ቀበቶውን በዳሌ አጥንት ላይ እሰሩ። ሸክሙን ዳሌ ካልያዘው ትከሻ ይይዘዋል፣ ትከሻ ደግሞ ቶሎ እጅ ይሰጣል።

ቅያሪ ልብሱን ከላይ አስቀምጡ። መንደር ከመግባታችሁ በፊት ታወጡታላችሁ።

ደረጃ 5፦ የቀኑን ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ

ደንቡ አንድ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት መንደር ድረሱ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በብርሃን የመጣን ሰው ሰዎች ከሩቅ ያዩታል። እየቀረበ ሲመጣ ያጠኑታል፣ ልጆች ይከቡታል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያወራል። አስተናጋጃችሁ ለመወሰን፣ የቤት ሰው ለማማከር፣ መኝታ ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። እምቢ ከተባላችሁም ሌላ ቦታ ለመሞከር ቀን አላችሁ። በጨለማ በር ያንኳኳን ሰው ግን ማንም ይፈራዋል። ፈሪ ብላችሁ አትውቀሱት፣ እናንተም ብትሆኑ አትከፍቱም።

እንግዲህ ቁጠሩ። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ላይ ነው እንበል። መድረሻችሁ 10 ሰዓት ነው። ሸክም ይዞ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይኬዳል፤ 20 ኪሎ ሜትር 5 ሰዓት ነው። ለየ600 ሜትር ሽቅብ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ለምሳና ለአጫጭር እረፍት ሁለት ሰዓት። መንገዱ 600 ሜትር ሽቅብ ካለው ድምሩ 8 ሰዓት ሆነ። ስለዚህ መነሻው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። መንገድ መሳት አለ፣ ቡና ጠጡ የሚል ሰውም አለ። ለእነሱ አንድ ሰዓት ጨምሩና 1 ሰዓት ላይ ተነሱ።

በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጠጡ፣ ሲሞቅ ከዚያም በላይ። ከወንዝና ከጉድጓድ የቀዳችሁትን አፍሉ። ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነውና።

ደረጃ 6፦ ማደሪያ ጠይቁ

ሁሉም የሚፈራው ይህን ነው። ስለዚህ በዝርዝር እንሂድ።

*መንደሩ ከመድረሳችሁ በፊት።* ግማሽ ኪሎ ሜትር ሲቀራችሁ ቁሙ። ፊትና እጅ ታጠቡ፣ ቅያሪውን ሸሚዝ ልበሱ፣ የፀሐይ መነጽርና ኮፍያ አውልቁ። ሰው ዓይናችሁን ማየት ይፈልጋል።

*ማንን ልጠይቅ?* በር አታንኳኩ፣ መጀመሪያ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ሂዱ። ሱቅ፣ የውሃ መቅጃ፣ ሻይ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የአምልኮ ስፍራ። አንድ ነገር ግዙና ተቀመጡ። ሰው ጠጋ ብሎ «ከየት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ካልመጣ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ምረጡና ሰላም በሉ። አደባባይ ላይ መጠየቅ አንድ ጥቅም አለው፦ ማን እንዳሳደራችሁ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ይህ እናንተንም አሳዳሪያችሁንም ይጠብቃል።

*ምን ልበል?* በአገሩ ቋንቋ ይህን ሸምድዱ፣ በወረቀትም አጽፋችሁ ያዙ።

«እንደምን ዋላችሁ። መንገደኛ ነኝ። ከዚህኛው ከተማ ወደዚያኛው በእግሬ እየሄድኩ ነው። እዚህ መሸብኝ። ድንኳን አለኝ፣ ስንቅም ይዣለሁ። ለዛሬ ሌሊት ብቻ የት ብተክለው ይሻላል?»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራ አለው። ከየት ወዴት እንደምትሄዱ መናገር «ይህ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» የሚለውን ይመልሳል። ስንቅ አለኝ ማለት ጓዳው ባዶ የሆነውን ሰው ከሃፍረት ያድነዋል። «ለዛሬ ብቻ» ማለት መውጫውን ያሳያል። ከሁሉም በላይ፣ የጠየቃችሁት ቤት ሳይሆን መሬት ነው። መሬት ለመስጠት ማንም አይቸገርም። ቤቱን መጨመር የፈለገ ሰው ራሱ «ኧረ ብርድ ነው፣ ግባ!» ይላል። ያልፈለገም ሳያፍር ሜዳውን ያሳያችኋል። ድንኳኑ ለመለመን ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ድንኳን የሌለው ሰው የሚጠይቀው ቤት ነው፣ ቤት ደግሞ ትልቅ ጥያቄ ነው።

*መልሱን አንብቡ።* ፈጥኖ፣ ፊት ለፊት እያየ «እሺ» ካለ እሺ ነው። ዝም ካለ፣ ወደ ቤቱ ከተመለከተ፣ «እስኪ... እንግዲህ...» ካለ አልፈለገም ወይም ማማከር ይፈልጋል። ያን ጊዜ እናንተ ቅደሙት፦ «ችግር የለም፣ ሌላ ቦታ ካለ ብቻ ጠቁሙኝ።» ብዙ ጊዜ ያው ሰው ወደ ዘመዱ ቤት ይወስዳችኋል። እምቢ ካለም አመስግናችሁ ሂዱ። ለምን አትበሉ። ቤቱ ውስጥ ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል፣ ጠብ ሊኖር ይችላል።

ሴት ከሆናችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሴት ይሁን። ብቻውን የሚኖር ወንድ ቢጋብዛችሁ «ባለቤትዎ ቤት ናቸው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መልሱ ካላስደሰታችሁ ወደ ተሰበሰበው ሰው ተመለሱ። ለማንም ማብራሪያ የለባችሁም።

ከተስማማችሁ በኋላ፣ ቦርሳ ከማውረዳችሁ በፊት፣ ያላችሁበትን ቦታ ለቤተሰብ ላኩ። ይህን ደብቃችሁ ሳይሆን በግልጽ አድርጉት፦ «እናቴ እንዳታስብ የት እንዳለሁ ልንገራት።» ይህ ማንንም አያስቀይምም። ክፉ ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዳለ ሰማ።

ደረጃ 7፦ እንግድነቱን እወቁበት

ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው እጅ እንደሚበላ ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ብቻ ያዙ። የቤቱ ሰው እስኪያደርግ ጠብቁ፣ ከዚያ እንደሱ አድርጉ።

የቀረበውን ቅመሱ። የማትበሉት ነገር ካለ (በሃይማኖት ወይም በሕመም) ገና ስትገቡ ተናገሩ። ከተሠራ በኋላ መናገር የሰው ድካም ማባከን ነው። ውሃውን፣ ማገዶውን፣ መብራቱን ቆጥባችሁ ተጠቀሙ። ስልክ ለመሰካት አስፈቅዱ።

ጨዋታ ሲጠፋ ፎቶዎቹን አውጡ። ይህች እናቴ፣ ይህ ወንድሜ። ቋንቋ ሳትችሉ ግማሽ ሰዓት ታወሩበታላችሁ፣ እነሱም የራሳቸውን አልበም ያመጣሉ። የቤቱን ሰው ፎቶ ለማንሳት ግን ጠይቁ። ሰውና ቤቱ የሚታይበትን ምስል ካለፈቃድ አደባባይ አታውጡ። ሴት ልጆችንና ሕፃናትን በተለይ።

ገንዘቡ ያስቸግራል። ለአስተናጋጅ ገንዘብ መዘርጋት አንዳንዱ ቤት ስድብ ነው፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ የተጠበቀ ነው። መለያው ይኸው፦ ስትጠይቁ ስለ ዋጋ የተነሳ ነገር ከነበረ በግልጽ ክፈሉ። ካልነበረ ጠዋት ከመንደሩ ሱቅ ለቤቱ የሚሆን አስቤዛ ገዝታችሁ ለልጆቹ ወይም ለእናትየው ስጡ። ሥራ ማገዝም ይቻላል። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ዕቃ ማጠብ።

አንድ ሌሊት ያላችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። «ቆዩ» ቢሏችሁ እንኳ ሁለት ጊዜ ካልተለመናችሁ ተነሱ። ስትወጡ ስለ መንገዱ ጠይቁ። ድልድይ ተሰብሯል ወይ፣ ውሃ የት አለ፣ ውሻ የሚያስቸግረው የት ነው። የሚቀጥለው መንደር ውስጥ የሚያውቁት ሰው ካለም ስሙን ተቀበሉ። «እገሌ ልኮኝ ነው» ብሎ የሚገባ መንገደኛ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል።

ማስጠንቀቂያ

*ውሻ።* አትሩጡ። ቁሙ፣ ዓይን ለዓይን አትተያዩ፣ በቀስታ ወደ ጎን ራቁ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሱ መምሰል ብዙውን ጊዜ ያርቀዋል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ድረሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው።

*መኪና።* የእግረኛ መንገድ ከሌለ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያያችሁ ሂዱ። በቀኝ በሚነዳበት አገር በግራ ጠርዝ ማለት ነው። ሾፌር የማያይበት ኩርባ ላይ ወደ ሌላው ጠርዝ ተሻገሩ። ሰደርያውን ጉም ሲሆንና ብርሃን ሲደክም ልበሱ።

*መብረቅ።* ብልጭታውን አይታችሁ 30 ሳትቆጥሩ ከነጎደ አደጋው ቅርብ ነው። ከተራራ ጫፍና ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

*መጠጥ።* በማያውቁት ቤት መስከር የለም። እምቢ ማለት ካስቸገራችሁ «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» በሉ። ይህች ውሸት አትጎዳም።

*ሆዳችሁ ካልተቀበለው ውጡ።* ፓስፖርታችሁን ወስዶ የሚያስቀምጥ፣ ስንት ብር እንደያዛችሁ ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ ከመንደሩ ርቆ ወዳለ ቤት ለመውሰድ የሚቸኩል ሰው ካለ አመስግናችሁ ሰው ወዳለበት ተመለሱ። ፓስፖርት፣ ገንዘብና ስልክ ስትተኙም ከሰውነታችሁ አይለዩ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የድንገተኛ አደጋ ስልክ 112 ነው። በሌላ አገር ከሆናችሁ ቁጥሩን ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

- በመጀመሪያው ሳምንት 30 ኪሎ ሜትር መሄድ። ጉልበት አለ፣ ጅማት ግን ገና አልለመደም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በ15 ጀምሩ።
- አዲስ ጫማ ለጉዞው ብሎ ገዝቶ በዚያው ቀን መነሳት።
- ምሳ ሰዓት ላይ የተገኘውን ግብዣ ሁሉ መቀበል። ሦስት ቤት ሻይ ከጠጣችሁ መንደሩ የምትደርሱት በጨለማ ነው። አንዱን ተቀበሉ፣ ለሌላው እጅ ደረት ላይ አድርጋችሁ መንገዱን አሳዩ።
- መስተንግዶን እንደ ባጀት መቁጠር። በየማታው ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ ሳይያዝ አይነሳም። ገንዘብ ያለው ሰው እምቢ ሲባል አይከፋውም፣ የሌለው ግን መለማመጥ ይጀምራል።
- ለተከታታይ ብዙ ሌሊት ሰው ቤት ማደር። እንግድነት ራሱ ያደክማል፤ ፈገግታ፣ ወሬ፣ ጥንቃቄ። በሳምንት አንድ ሁለት ሌሊት ብቻችሁን በድንኳን ወይም በኪራይ ክፍል እደሩ።
- «ስደርስ እደውላለሁ» ብሎ መርሳት። ያሳደሯችሁ ሰዎች ስልክ ከሰጧችሁ በማግስቱ ማታ «ደርሻለሁ» የሚል አጭር መልእክት ላኩ። ሰዎቹ የምር ይጠብቃሉ።